ካፖርት የለበሱ አራት ጎማዎች

አቶ ጎትሂልፍ ሽናይትማን በየሚያዝያው አራቱን ጎማዎቻቸውን ከምድር ቤት የሚያወጡበት ቀን በሕንፃችን ደረጃ ላይ ሌላ ሰው አይንቀሳቀስም። በሕግ የተጻፈ ነገር የለም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ሙንዲንገር ገበያቸውን በዋዜማው ይጨርሳሉ። እኔ ከመካከለኛው ፎቅ ሻይዬን ይዤ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። አቶ ሽናይትማን የደረጃውን መደገፊያ በስፖንጅ ይጠቀልላሉ፣ የበሩን መቃን ግራና ቀኝ በአሮጌ ፍራሽ ቁራጭ ያስራሉ፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው ይወርዳሉ። ከዚያ አንድ ጎማ፣ እንደ ታመመ ሰው በሁለት እጅ ታቅፎ፣ ቀስ እያለ ይወጣል።

«በሩን!» ይላሉ ከታች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሬ በሩን ይይዛሉ። «ይዣለሁ።»

«በደንብ ነው የያዝሽው?»

«ሃያ አምስት ዓመት የያዝኩት በር ነው ጎትሂልፍ፤ እንተዋወቃለን።»

እነዚህ አራት ጎማዎች አንድም ቀን መኪና ተሸክመው አያውቁም። በከተማችን በኦበርሃልደን መኪና ያለው ሰው ሁሉ የበረዶ ጎማና የበጋ ጎማ አለው፤ ጊዜው ሲደርስ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ያስራል። አቶ ሽናይትማን ግን ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ አራት አላቸው። ቸርኬያቸው የአሉሚኒየም ነው፤ እንደ አበባ አምስት ቅጠል ያለው፣ ሰው ጺሙን ሊላጭበት እስኪችል ድረስ የሚያበራ። በገዟቸው ዕለት ባለቤታቸውን ጠርተው፣ «ሎሬ፣ በእነዚህ ቦደንዜ ሐይቅ ድረስ እወስድሻለሁ። ሜርስቡርግ፣ ውሃው ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እንበላለን» አሏቸው። ከእኛ ከተማ እስከ ሐይቁ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን አልደረሱም።

ጎማዎቹ ወጥተው ሳይታሰሩ ወደ ምድር ቤት የሚመለሱበት ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት መንገድ ሠሪዎች አስፋልቱ ላይ ጠጠር በትነው ነበር። በሁለተኛው ዓመት የጥድ ብናኝ መጣ፤ ያ ቢጫ ዱቄት አንዴ ከተቀመጠ አይለቅም ተባለ። አንድ ዓመት ሐይቁ አካባቢ የበረዶ ጠጠር ሊዘንብ ይችላል ብሎ ሬዲዮው ተናገረ። አንድ ዓመት ደግሞ የሜርስቡርግ መኪና ማቆሚያ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ቸርኬ ሊጭር እስኪችል ከፍ ያለ ነው ሲባል ሰሙና፣ ጠርዙን ለመለካት በበጋው ጎማ ብቻቸውን ሄደው ተመለሱ።

«አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር!» አሉ ሲገቡ፣ ፊታቸው ነጭ ሆኖ።

ወይዘሮ ሎሬ ለአንድ ሳምንት አላነጋገሯቸውም።

በዚህ መካከል፣ ጎማ ሳይነዱበትም ስለሚያረጅ፣ አቶ ሽናይትማን ቸርኬዎቹ ላይ ያለውን ላስቲክ ሦስት ጊዜ በአዲስ አስለውጠዋል። ወይዘሮ ሎሬ ይህን ለወይዘሮ ሙንዲንገር ደረጃ ላይ ሲነግሩ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ አይደለም። «ሦስት ጊዜ አርጅተዋል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ! ቁጭ ብለው! እኔ እንኳ ቁጭ ብዬ እንደዚያ አላረጀሁም።»

ሰውየው ስስታም ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። አይደሉም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሚዛን ፋብሪካ ውስጥ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው ያሸጉት ሚዛን ባሕር ተሻግሮ፣ በግመል ተጭኖ፣ ከመርከብ ወድቆም ቢሆን፣ ሳይጫር ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ይለውጠዋል። ሌላው ሰው ወደ አንድ ክፍል ሲገባ ወንበርና ጠረጴዛ ያያል፤ አቶ ሽናይትማን የሚያዩት ማዕዘን ብቻ ነው። ዓለም ለእሳቸው አንድ ነገር እስኪያልፍ አድፍጦ የሚጠብቅ የማዕዘን ክምችት ናት። ይህን ሳስበው ከማውቃቸው ብዙ ፈላስፎች ይልቅ ለእውነት የቀረቡ ይመስለኛል።

ልብሶቹን የሰፉት ራሳቸው ናቸው። አንደኛው ጎማ የአባታቸውን አረንጓዴ ካፖርት ለብሷል። ሁለተኛው የወይዘሮ ሎሬን ቀይ ጋዋን፣ ያውም በጊዜው ገና ያላረጀ። ሦስተኛው የሳሎኑን መጋረጃ፣ ሸክላ የሚመስሉ ፒር ፍሬዎች የታተሙበትን። አራተኛው የሰበካው የወንዶች መዘምራን ሲበተን የቀረላቸውን ጥቁር ካባ። ሁሉም ከኋላ በኩል በአዝራር ይዘጋሉ፤ ከውስጥ ለስላሳ ሱፍ አላቸው፤ ነፋስ የሚሞላባት ቫልቮላ እንኳ የራሷ ትንሽ ቆብ አላት። ሲጠሩም በልብሳቸው ነው፦ ካፖርት፣ ጋዋን፣ መጋረጃ፣ ዘማሪ። ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን ተለይተው ይነባበራሉ፤ በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ ተራቸው ይቀየራል።

«ለምን?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር አንዴ።

«ሁልጊዜ አንዱ ከታች ሆኖ ሦስቱን መሸከም የለበትም፣ ዶክተር» አሉኝ። «ፍትሕ ነው።»

ያ ሚያዝያ ግን እንደ ሌላው ሚያዝያ አልነበረም። የጋብቻቸው አርባኛ ዓመት ቅዳሜ ይውል ነበር። በዚያው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሎሬ ባላቸውን ደረጃው መካከል ላይ፣ እኔና ወይዘሮ ሙንዲንገር በራችንን ከፍተን በምንሰማበት ቦታ፣ አቆሟቸው። አጋጣሚ አልነበረም።

«ጎትሂልፍ፣ ስማኝ። ሜርስቡርግ ውሃው ዳር ጠረጴዛ ይዣለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በር ላይ ነኝ። መኪናው እነዚያን ጎማዎች አጥልቆ ከጠበቀኝ ከአንተ ጋር እሄዳለሁ። ካልሆነ ከወይዘሮ ሙንዲንገር ጋር በባቡር እሄዳለሁ። አንተ አርባኛ ዓመታችንን ከአራቱ ጋር አክብር፤ ኬክ ትቼላችሁ እሄዳለሁ።»

«በመስኮቱ በኩል ነው ያስያዝኩት!» አሉ ወይዘሮ ሙንዲንገር ከላይ።

አቶ ሽናይትማን መደገፊያውን ያዙ። «በበጋው ጎማ ብንሄድስ፣ ሎሬ?»

«በበጋው ጎማማ አንተ ሄደህ ጠርዝ ለክተሃል።»

ወይዘሮ ሎሬ ቀልደኛ ሴት ናቸው፤ ያን ጠዋት ግን ድምፃቸው መጨረሻ ላይ ትንሽ ተሰብሯል። እኔም ሰማሁ፣ አቶ ሽናይትማንም ሰሙ። በዚያው ዕለት ሽቶትስ የሚባለው ጎሚስታ ዘንድ ደውለው ለሐሙስ ረፋድ ቀጠሮ ያዙ። ሽቶትስ «የትኞቹን ነው የሚሉኝ?» ሲል ሁለት ጊዜ እንደ ጠየቀ በኋላ ነገረኝ።

ረቡዕ ማታ አቶ ሽናይትማን በሬን አንኳኩ። «ዶክተር፣ የሰበካው አሮጌ ልብስ መሰብሰቢያ ከረጢት ደርሶዎታል አይደል? ያ ብርቱካናማው።»

በየፖስታ ሳጥናችን አንዳንድ ይጥላሉ፤ ልብስ ሞልተን ቀኑ ሲደርስ በር ላይ እናስቀምጣለን። «ደርሶኛል። ግን የምሰጠው ልብስ የለኝም» አልኳቸው።

«ደግ ነው። ነገ ካፊያ አለ ብለዋል፤ ሱፉ እርጥበት ይጠጣል። ከረጢቱ ግን ወፍራም ነው፣ ሽታ የለውም፣ ደግሞም በነፃ ነው። የእኔና የወይዘሮ ሙንዲንገር ሁለት፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ አንድ፣ የእርስዎ ሲጨመር አራት ይሞላል።»

ሰጠኋቸው። ከረጢቱ የሚሰበሰብበት ቀን ያው ማግስቱ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲና ሚዛን ፋብሪካ ያስተማሩን ሰዎች ነን። ሁለታችንም አላሰብነውም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አራቱ ጎማዎች ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከልብሳቸው በላይ ብርቱካናማ ከረጢታቸውን ደርበው፣ አፋቸው በሲባጎ ታስሮ፣ በእግረኛ መንገዱ ዳር ተደረደሩ። ከእያንዳንዱ ሥር ካርቶን ነበር። አቶ ሽናይትማን መኪናውን ከጓሮ ለማምጣት ቁልፍ ሲፈልጉ ከላይ ድምፅ መጣ።

«አቶ ሽናይትማን! ደረጃው ላይ የፍራሽ ጥጥ ተበትኗል!»

«አሁን ስመለስ እጠርገዋለሁ፣ ወይዘሮ ሙንዲንገር።»

«የጠረጋ ሳምንቱ የማን ነው?»

ደረጃውን በየሳምንቱ በተራ ነው የምንጠርገው፤ ሳምንቱም የአቶ ሽናይትማን ነበር። «የጠረጋ ሳምንት» የሚለው የእንጨት ሰሌዳ እሳቸው በር ላይ ተንጠልጥሏል። የእኛ ከተማ ሰው ቤቱ በእሳት ተያይዞ ሲቃጠል ጥሎ ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ በተራው ሳምንት ግን ቆሻሻ ደረጃ ጥሎ አይሄድም። ተመልሰው ገቡ። መጥረጊያ አመጡ። ከላይ ጀመሩ፣ ምክንያቱም ጥጡ ከታች ቢሆንም ጠረጋ የሚጀመረው ከላይ ነው። ወይዘሮ ሎሬ ብሬትሰል የሚባለውን ጠመዝማዛ ዳቦ ሊገዙ ዳቦ ቤት ሄደዋል። ጎማዎቹን የሚያይ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አየሁም። የሰበካው ጭነት መኪና መጣ፤ ሁለት ጡረተኞች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ወረዱ።

«እ! ይሄ ምንድን ነው? የማን ሱሪ ነው እንዲህ የሚከብደው?»

«የገበሬ ይሆናል። በዚያ በኩል ያዝ።»

«ወገቤን!»

«ለነፍስህ ነው፣ ያዝ።»

እኔ በዚያ ሰዓት አንድ ነገር እያሰብኩ ነበር። ሥራውን አንድም ቀን ሳይሠራ ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠ ዕቃ፣ ዕቃው አለ ይባላል ወይስ የለም? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ላለው ጥያቄ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች ሻይዬን እየጠጣሁ ተመለከትኩና፣ «እንዴት ያለ የተደራጀ ሕዝብ ነው» አልኩ በልቤ። መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ነው ኩባያው እጄ ላይ የቆመው።

አቶ ሽናይትማን ደረጃውን ጨርሰው ወጡ። አራት ደረቅ ካርቶኖች በካፊያው መካከል ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። አልጮኹም። አንደኛውን ካርቶን አነሡ፣ ሥሩን አዩ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«ካርቶኑን ትተውታል» አሉ።

ወይዘሮ ሎሬ ከዳቦ ቤት ሲመለሱ ባላቸውን፣ ካርቶኖቹን፣ ከዚያም በካልሲ የወረድኩትን እኔን አዩ። «ሄዱ?» አሉ። «ከእኔ ቀድመው ሐይቅ ሄዱ?»

«የልብስ መሰብሰቢያው ወሰዳቸው» አልኩ።

«እንዴት አወቁ፣ ዶክተር?» አሉ አቶ ሽናይትማን ቀስ ብለው።

«አየሁ።»

«አይተው?»

«እያሰብኩ ነበር።»

ወይዘሮ ሎሬ ብሬትሰሉን እጄ ላይ አስቀመጡ። «ይያዙ፤ እያሰቡ እንዳይበሉት። ወደ መኪና!»

የሰበካው አዳራሽ ሩቅ አይደለም። ውስጡ ግን ከወለል እስከ መስኮት ብርቱካናማ ከረጢት ተከምሯል፤ ሦስት መቶ ይሆናል። በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሴቶች ይለያሉ። ኃላፊዋ ወይዘሮ አይዘለ የሚባሉ፣ መነጽራቸው በሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው።

«በስህተት የተወሰደ ንብረት አለኝ» አሉ አቶ ሽናይትማን።

«ምን ይመስላል?»

«ብርቱካናማ ከረጢት።»

ወይዘሮ አይዘለ ክምሩን አዩ፣ እሳቸውን አዩ። «ሌላስ ምልክት?»

አቶ ሽናይትማን ወደ ክምሩ ሄደው ከረጢቶቹን በመዳፋቸው መዳሰስ ጀመሩ። ጓንታቸውን አላወለቁም። «ይቅርታ» ይላሉ ለእያንዳንዱ፣ «ይቅርታ»፣ እና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ይህ ጥቂት እንደ ቆየ ከጠረጴዛው መጨረሻ ወሬ ተሰማ።

«ይሄ ካባ ነው ቀሚስ? መሃሉ ለምን እንዲህ ክብ ሆነ?»

«ለነፍሰ ጡር ይሆናል።»

«አዝራሩ ከኋላ ነው እኮ። ነፍሰ ጡር እንዴት ትዘጋዋለች?»

«ባሏ ይዝጋላት! እስቲ ልበሺው።»

አንዲት ወፈር ያሉ ሴት ጥቁር ነገር በራሳቸው አጥልቀው ወጡ። ከአንገት እስከ ወገብ ተነፋፍቶ እንደ ደወል ሆነ። ሴቶቹ ሳቁ። አቶ ሽናይትማን ዘወር አሉ።

«ዘማሪ!» ብለው ጮኹ።

ሴትዮዋ፣ «ማን? እኔ?» አሉ።

መጋረጃው «የጠረጴዛ ልብስ፣ ክብ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ተገኘ። ካፖርቱ «ለውሻ፣ ትልቅ» ተብሎ ነበር። ቀዩን ጋዋን ደግሞ ማን ምን እንደሚለው አልተስማሙም ነበርና ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጧል። አራቱም ልብሶች ባዶ ነበሩ። አቶ ሽናይትማን ባዶውን ካፖርት በእጃቸው ይዘው ወለሉን አዩ። ሊሾ ነበር። ሻካራ፣ አሸዋማ ሊሾ።

«ብረቶቹን ነው የሚፈልጉት?» አሉ ወይዘሮ አይዘለ። «ወዲህ ይምጡ።»

ከመድረኩ ጀርባ ወሰዱን። አራቱ ጎማዎች እዚያ ነበሩ። የመጀመሪያው በታጠፈ የላባ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሟል፤ በላዩ ለስላሳ አንሶላ፤ ከዚያ ሁለተኛው፤ እንደገና አንሶላ፤ እንዲህ እስከ አራተኛው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትራስ ነበር።

አቶ ሽናይትማን ተንበረከኩ። ከኪሳቸው ትንሽ ባትሪ አውጥተው እያንዳንዱን ቅጠል፣ እያንዳንዱን የቡሎን ቀዳዳ እያበሩ አዩ። ጓንቱን አውልቀው በጣታቸው ጫፍ ዳበሱ። እኛ ቆመን ጠበቅን። ወይዘሮ ሎሬ አንድ ብሬትሰል ጨረሱ።

«ምንም» አሉ አቶ ሽናይትማን በመጨረሻ። «አንድም። ማነው እንዲህ ያሸገው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አይዘለ። «የሰዓት ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ ሠላሳ ዓመት መስታወት ጠቅልያለሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ወለል ላይ አይጣልም።»

«በመካከሉ ያለው ጨርቅ...»

«ፍላኔል ነው፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ። ሱፍ አቧራ ይይዛል።»

«ሱፍ አቧራ ይይዛል» አሉ አቶ ሽናይትማን፣ አንድ ሃይማኖት ለቅቆ ወደ ሌላ እንደሚገባ ሰው። ወይዘሮዋን ያዩበት ዓይን እኔንም አስደነገጠኝ።

«ዶክተር» አሉኝ ወይዘሮ ሎሬ በሹክሹክታ፣ «ባሌን ፍቅር ያዘው መሰለኝ።»

ልብሶቹን መልሰን አልብሰን፣ ሁለቱን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አጋደምናቸው። ሁለቱ የኋላ ወንበር ላይ፣ እኔ በመካከላቸው፣ የደኅንነት ቀበቶ ለሦስታችንም ታሰረ። መጋረጃውን ስናስገባ በሩ ሊነካው ሲል አቶ ሽናይትማን፣ «ያዝ! አንተ፣ ያዝ!» ብለው ጮኹብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤት ስንሆን እርስዎ ተባብለን ነው የኖርነው። ፊታቸው ቀላ።

«ይቅርታዎን ዶክተር። አመለጠኝ።»

«ምንም አይደለም» አልኩ፣ መጋረጃውን ታቅፌ።

መንገድ ላይ ወይዘሮ ሎሬ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ በርቶ ነበር። «ሽቶትስ ጋ በግራ ነው» አሉ መስቀለኛው ላይ ስንደርስ።

«አውቃለሁ» አሉ ባላቸው። «ሎሬ... አራቱ ዛሬ ያዩትን አይተዋል። በማያውቁት ሰው እጅ፣ በጭነት መኪና፣ ከሱሪ ጋር። ሱፉም ስህተት መሆኑን አሁን ነው ያወቅነው። መጀመሪያ ፍላኔል ልስፋላቸው። አንድ ዓመት ይረፉ።»

እና ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤት ታጠፉ።

እኔ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ተቀምጬ የወይዘሮ ሎሬን ጸጉር ከኋላ አየሁ። ለቅዳሜ የተሠራ ጸጉር ነበር፤ ሁለት ቀን እንዲቆይ በብዙ ነገር ተረጭቷል። በሕይወቴ ብዙ ስለ ጊዜ ጽፌያለሁ። ያን ያህል ረጅም የሆነ አራት መቶ ሜትር ግን አላውቅም።

ቤት በር ላይ ስንቆም ወይዘሮ ሎሬ ቀድመው ወረዱ። የኋላውን በር ከፍተው ጋዋን የተባለውን ጎማ አወጡ። በሁለት እጅ አላቀፉትም፤ አንከባለሉት። ካርቶን ላይ አቆሙትና አዝራሮቹን ከላይ እስከ ታች ፈቱ።

«ይሄ የእኔ ጋዋን ነው» አሉ።

«ሎሬ፣ ካፊያ አለ።»

ጋዋኑን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ከጣታቸው ሳያወልቁት፣ የጋብቻ ቀለበታቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ድንጋይ ቸርኬው ላይ አስጠግተው ሳቡ። ድምፁ ጥርስን የሚያሳክክ ነበር።

ከላይ መስኮት ተከፈተ። «ምንድን ነው የጮኸው?» አሉ ወይዘሮ ሙንዲንገር።

«ጋብቻችን ነው!» አሉ ወይዘሮ ሎሬ።

አቶ ሽናይትማን ቀረቡ። ከኪሳቸው ማስመሪያ አወጡ። ጭረቱን ለኩት። «ሁለት ሴንቲ ሜትር ከአራት ሚሊ ሜትር» አሉ። ከዚያ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ ያለ ካርቶን። ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ለረጅም ጊዜ ቸርኬውን አዩ። ጎማው ግን እዚያው ቆሟል። አልወደቀም፣ አልተሰነጠቀም፣ ክብነቱም እንዳለ ነው።

«ቀለበቱስ?» አሉ በድንገት። «ጣትሽን አሳዪኝ።»

ወይዘሮ ሎሬ ዘረጉላቸው። አቶ ሽናይትማን ባትሪያቸውን አበሩ። ጎንበስ አሉ። የበለጠ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ሁሉ ጭረት ነው» አሉ። «ዙሪያውን። አሁን ነው?»

«አርባ ዓመት ነው ጎትሂልፍ። ድስት ፈግፍጌበታለሁ። ድንች ነቅዬበታለሁ። ያንተን የስፖንጅና የፍራሽ በር ስይዝበት ኖሬያለሁ።»

«ሳትሸፍኚው?»

«ጣቴ ላይ ነው የኖረው።»

አቶ ሽናይትማን ባትሪውን አላጠፉም። ቀለበቱን እያዞሩ ያዩት ጀመር፤ እንደ ካርታ። «አላየሁትም ነበር» አሉ። ይህንን ለማን እንዳሉት አላውቅም። እኔ በበኩሌ ፊቴን ወደ መኪናው አዞርኩና ካፖርቱን ማራገፍ ያለበት ሰው መሰልኩ።

ከዚያ ተነሡ። የሱሪያቸው መቀመጫ እርጥብ ክብ ሆኖ ነበር። «ሽቶትስ ምሳ የሚወጣው በስንት ሰዓት ነው?»

«አሁን ብንሄድ እንደርሳለን» አሉ ወይዘሮ ሎሬ።

ሽቶትስ አራቱን ባላንስ ሠርቶ ሲያበቃ ክሪኩ ላይ ያለውን መኪና እያየ፣ «የተጫረውን የት ልሰረው? ከኋላ ይሁን፣ እንዳይታይ?» ብሎ ጠየቀ።

«የፊት ቀኝ» አሉ አቶ ሽናይትማን። «እሷ በምትገባበት በኩል።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሎሬ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በር ላይ ነበሩ። መኪናዋም ነበረች። ስትወጣ አየኋት፤ ጎማዎቹ እውነትም ይዞራሉ። ጥያቄዬ መልስ አገኘ ማለት አልችልም፤ ግን ያን ቀን አላስጨነቀኝም። አስጨናቂው ወይዘሮ ሙንዲንገር ነበሩ፤ ሁለት የባቡር ትኬት ይዘው ቀርተዋል፣ ትኬት ሲባክን ደግሞ አይወዱም።

«ዶክተር» አሉኝ በሬ ላይ ቆመው፣ «የመስኮቱ በኩል የእኔ ነው። ካፖርትዎን ይልበሱ።»

ስለዚህ እኛም ሜርስቡርግ ሄድን። መኪናዋን ለማግኘት አልተቸገርንም። ከአሥራ አራት ሴንቲ ሜትሩ ጠርዝ አንድ ሜትር ተኩል ርቃ፣ መንገዱ መሃል ላይ ማለት ይቻላል፣ ቆማለች፤ መስታወቷ ላይ የትራፊክ ቅጣት ወረቀት በካፊያ ረጥቦ ተለጥፏል። ሁለቱ ውሃው ዳር ተቀምጠው ዓሣ እየበሉ ነበር። አቶ ሽናይትማን ሲያዩኝ ግማሽ ተነሡ።

«ና፣ ተቀመጥ!» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና፣ «አንተ» ብለው ጨመሩ። በዚህ ጊዜ ይቅርታ አልጠየቁም።

ወይዘሮ ሎሬም እጃቸውን አውለበለቡልን። የቀለበት ጣታቸው ላይ ግራጫ ነገር አየሁ። ቀረብ ስል የፍላኔል ሽፋን ነው፤ በልክ የተሰፋ፣ ከጎኑ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል አዝራር አለችው።

«አትጠይቁኝ» አሉ ወይዘሮ ሎሬ። «ሌሊቱን ሙሉ ነው የሰፋው። ዓሣው ጥሩ ነው፤ እዘዙ።»